በረዶ ለመታው ገበሬ የሚመጣው የድጋፍ ገንዘብ ለማን፣ በምን መለኪያ ይከፈል?

የቡና ልጅ፣ ጅማ

አሰላሙ አለይኩም፤ ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ይህን ውይይት የከፈትኩት ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ ከጅማ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ እኔ በከተማው አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከእርሻው አልጠፋም። ባለፈው ዓመት በነሐሴ አጋማሽ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በረዶ ወረደ። የወረደው እንደ መቀነት በቀጠነ መስመር ስለነበር ከወንዙ ወዲህ ያለው ማሳ ሲደበደብ ማዶ ያለው ዝናብ ብቻ አገኘ። የአባቴ በቆሎ ጸጉር አውጥቶ ነበር፤ ቅጠሉ ተተልትሎ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። ገና አረንጓዴ የነበረው የቡና ፍሬ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ቅርንጫፉም በየቦታው ተላጠ።

ጉዳቱን የሚመዘግቡ ሰዎች የመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ገበሬ የቆመውን አገዳ አጭዶ ለከብት ሰጥቶ ነበር፤ ገሚሱም ማሳውን ገልብጦ አርሶት ነበር። መዝጋቢዎቹ ያዩት ባዶ መሬት ነው፤ ስለዚህ የጻፉት ሰው የነገራቸውን ነው። አፉ የሚናገርለት ብዙ አስጻፈ፤ እንደ አባቴ ያለው ዝምተኛ ደግሞ ያጣውን ግማሹን እንኳ አላስቆጠረም።

ድጋፉ በጥር ወር መጣ። በስብሰባው ላይ “አደጋ ዛሬ በእሱ ነው፣ ነገ በእኔ፤ ስለዚህ ለሁሉም እኩል ይድረስ” የሚል ሐሳብ ተነሣና ብዙ እጅ አገኘ፤ ገንዘቡም በረዶ ያገኘውም ያላገኘውም ሳይለይ ለቀበሌው አባወራና እማወራ ሁሉ በእኩል ተከፈለ። ለአባቴ የደረሳቸው አንድ ኩንታል በቆሎ አይገዛም ነበር። ለማዳበሪያ የተበደሩትን ለመመለስ በዚያው ወር አንዲት ጊደር ሸጡ። ጊደሯ ከብቶቻችንን እንደገና ታራባልናለች ብለን የምንጠብቃት ነበረች።

ዘንድሮም በሐምሌ መጨረሻ በረዶ መጥቷል፤ ከአምናው ያነሰ ቢሆንም ያው መስመር ላይ ነው። በሚመጣው ሳምንት ስለ ምዝገባው ስብሰባ ተጠርቷል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ክፍያው ጉዳቱን መከተል አለበት፤ ምንም ላልጠፋበት ሰው የሚሰጥ ገንዘብ ሁሉ ከጠፋበት ሰው ጉሮሮ የተነጠቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን በስብሰባው ላይ ስናገር ግን በምን መለኪያ ላይ ቆሜ ልናገር? ማንን ልጠይቅ? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።

ጡረተኛ የልማት ሠራተኛ

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ለአባትህ አላህ ይተካላቸው። እኔ በዚህ ዞን በልማት ሠራተኛነት ከ20 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ በእጄ የሞላሁት የጉዳት ቅጽ ብዙ ነው፤ አንዳንዱንም በስሕተት እንደሞላሁት ዛሬ አውቃለሁ። ስለዚህ የምጽፍልህ ከተማርኩት ይልቅ ከተሳሳትኩት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ምዝገባንና ግምትን አንድ ሥራ ማድረግ ነው። ምዝገባ፣ ማለትም የማን ማሳ በየትኛው ቀን ተመታ የሚለው፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አንተ እንዳልከው ገበሬ ማሳውን ይዞ አይጠብቅም፤ ከብቱ ይራባል፣ መሬቱም ሌላ ዘር ሊቀበል ይችላል። የጉዳቱን መጠን መገመት ግን ለበቆሎ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን መጠበቅን ይጠይቃል። በቆሎ ገና ስድስተኛ ቅጠሉን ሳያወጣ በረዶ ቢመታው የማደጊያው ጫፍ ከአፈር በታች ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል፤ በማግስቱ የተበጣጠሰውን ቅጠል አይቶ “ሙሉ በሙሉ ጠፋ” ብሎ የሚመዘግብ ሰው ይሳሳታል። በተቃራኒው ወንዴ አበባው ወጥቶ ጸጉር በሚያበቅልበት ሰሞን ቅጠሉን ያጣ በቆሎ አገዳው ቆሞ ቢታይም ፍሬ የሚሞላበት ኃይል የለውም። የአባትህ የነሐሴ በቆሎ እንዲህ ያለው ነው። የቆመ አገዳ አይተው “ከፊል ጉዳት” ብለው ከጻፉባቸው ተበድለዋል።

እኔ በኋለኞቹ ዓመታት የምሠራበት መንገድ ቀላል ነበር። ማሳውን በሰያፍ እየተጓዝኩ በአምስት ቦታ ቆሜ በእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ተክል እቆጥር ነበር፤ ከመቶው ስንቱ ፍሬ ሊይዝ ይችላል፣ ስንቱስ አይችልም የሚለውን ባለማሳውና አንድ ጎረቤት ቆመው እያዩ እጽፋለሁ። ጎረቤት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በጎረቤቱ ፊት የሚያጋንን ሰው ጥቂት ነው።

ቡና ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው፤ ቅጹ ብዙ ጊዜ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። የቡና ተክል የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። በረዶው ፍሬውን ብቻ አርግፎ ከሆነ የጠፋው የዘንድሮ ለቀማ ነው፤ ለጋውን ቅርንጫፍ ሰብሮ ወይም ልጦ ከሆነ ግን የከርሞውንም አብሮ ወስዷል። ግንዱ ድረስ ተጎድቶ ጉንደላ፣ ማለትም ግንዱን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ፣ የሚያስፈልገው ከሆነ እንደገና ደኅና ምርት እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ተነቅሎ በአዲስ ችግኝ የሚተካ ከሆነም የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። በዚያ ላይ ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ አንድ ዓመት የሚያሳንስ ተክል ነውና “ዓምና ስንት ለቀምክ?” ብሎ አንድ ዓመት ብቻ መጠየቅ አንዱን ገበሬ ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል። የሦስት ዓመት አማካይ ጠይቁ። ቁስሉ ላይ በሽታ እንዳይገባ የተሰበረውን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ግን “ገና መዝጋቢ ስላልመጣ አልነካውም” እያለ ይተወዋል፤ ይህም የምዝገባው መዘግየት የሚያመጣው ሌላ ጉዳት ነው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ መልኮ ወደሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሄዶ የቡና ተመራማሪዎቹን ይጠይቅ።

የአጋሮ እህት

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩ። “ክፍያው ጉዳቱን ይከተል” የሚለውን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ጉዳቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይህ አባባል ለብዙ ሰው ባዶ ነው።

እኔና ባለቤቴ የራሳችን መሬት የለንም፤ በሰው መሬት ላይ የእኩል እናርሳለን። ዘሩ የእኛ ነው፤ ማዳበሪያው በእኛ ብድር የተገዛ ነው፤ በሬው የእኛ ነው፤ አረሙንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። አደጋ በደረሰብን ዓመት ዝርዝሩ የተዘጋጀው ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ነበር። በደብተሩ ላይ ያለው ስም የባለመሬቱ ነው፤ እሱ የሚኖረው በከተማ ነው፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ለእኛ ያካፈለው በገዛ ፈቃዱና በመጠኑ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እኛ በሰው ደግነት ላይ መንጠልጠል ነበረብን።

በሌላ በኩል ደግሞ ባለመሬት ሁሉ ባለጸጋ ነው እንዳይባል እለምናችኋለሁ። በእኛ አካባቢ መሬቷን የእኩል የምታሳርሰው ብዙ ጊዜ በሬ የሌላት መበለት ወይም ጉልበቷ የከዳት አሮጊት ናት። የእርሷም ዓመታዊ ቀለብ በዚያው ማሳ ላይ ነው የጠፋው። ስለዚህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ እህሉ ቢደርስ ኖሮ በሚካፈልበት መንገድ ድጋፉም ይካፈል የሚል ነው። የእኩል ከሆነ እኩል፣ የሲሶ ከሆነ በሲሶው ስሌት። ውሉ በጽሑፍ ባይኖርም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ማን የማንን መሬት እንደሚያርስ በገጠር የተሰወረ ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሚስት ባለበት ቤት ዝርዝሩ የሚይዘው ባልየውን ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ሚስት በራሷ ጎጆ፣ በራሷ ጓሮ፣ ከራሷ ልጆች ጋር የምትኖር ከሆነ፣ ጉዳቷም ለብቻዋ ተቆጥሮ በራሷ ስም ካልተጻፈ ገንዘቡ እሷ ዘንድ የመድረሱ ነገር በባልየው ቸርነት የተወሰነ ነው። ይህንንም በስብሰባው ላይ የሚያነሣ ወንድ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ሴት ስታነሣው ነገሩ ወዲያው የትዳር ጠብ ተደርጎ ይወሰዳልና።

የቡና ልጅ፣ ጅማ

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። አባቴ ደብተር ስላላቸው የእኩል አራሾቹ ጉዳይ ትዝ እንኳ አላለኝም ነበር። በእኛ መስመርም እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ነገውኑ እጠይቃለሁ። የሁለተኛ ሚስቶቹን ነገር እኔ አነሣዋለሁ።

የምጣኔ ሀብት መምህር

ውይይቱ ያተኮረው ለማን ይከፈል በሚለው ላይ ነው፤ እኔ ስለ መጠኑና ስለ ጊዜው ጥቂት ልናገር። ገንዘቡ ዘግይቶ ከመጣ፣ ዋጋውም በገበያ ከተበላ፣ ለትክክለኛው ሰው ቢደርስም ቤቱን አያተርፍም።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በጥር 1997 ዓ.ም. ሲጀመር የዓላማው አንዱ ክፍል በየዓመቱ በልመና መልክ ይመጣ የነበረውን እርዳታ አስቀድሞ በሚታወቅ ክፍያ መተካት ነበር። መሥራት የሚችል ሰው በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ይውላል፤ መሥራት የማይችለው በቀጥታ ይደገፋል። ክፍያው በእህል ከሆነ በቀን 3 ኪሎ ነበር፤ በገንዘብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 6 ብር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ያ ብር ቀድሞ ይገዛው የነበረውን እህል መግዛት ስለተሳነው፣ አስቀድመው ገንዘብ ይመርጡ የነበሩ ሰዎች እህል መምረጥ ጀመሩ። ይህ ተሞክሮ ለእናንተ ስብሰባ ቀጥተኛ ትምህርት አለው፤ ድጋፉ በብር ቢሰጥም ስሌቱ ግን በእህል ይጀመር።

እንዴት? በአገራችን የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ ከዚያ ላይ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ትንሽ ዘይት ይታከልበታል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 90 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። በቆሎው በነሐሴ ጠፍቶበት በኅዳር የሚሰበስበው ነገር ያጣ ቤተሰብ፣ የሚቀጥለው እሸት እስኪደርስ ከኅዳር እስከ ሐምሌ ዘጠኝ ወር አለበት፤ ይህም 810 ኪሎ፣ ስምንት ኩንታል ያህል ነው። መንግሥት ይህን ሁሉ ይሸፍናል እያልኩ አይደለም። ግን ቤተሰቡ የጎደለው ስምንት ኩንታል መሆኑና የተሰጠው አንድ ኩንታል የማይሞላ መሆኑ ጎን ለጎን በጽሑፍ ሲቀርብ፣ “ድጋፍ ተሰጥቷችኋል” የሚለው መልስ በቂ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ይሆናል። ወደ ብር የሚቀየረውም በምዝገባው ጊዜ በነበረ ዋጋ ሳይሆን ክፍያው በሚፈጸምበት ሳምንት በአካባቢው ገበያ በሚሸጥበት ዋጋ ይሁን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የነሐሴ ጉዳት ድጋፍ በጥር ከመጣ የቀለብ ድጋፍ ነው፤ ዘር ሊሆን አይችልም። በሰኔ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ጉዳት ደርሶ ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢመጣ ግን ገበሬው በሌላ ዘር ማሳውን ያድነው ነበር። በእኛ አካባቢ የሚወደደው ቢኤች 660 በቆሎ ለመድረስ አምስት ወር የሚፈጅ ስለሆነ ዘግይቶ አይዘራም፤ ጤፍ ግን ይቻላል፣ መሬቱ ጥቁር ከሆነም በመስከረም በእርጥበቱ ሽምብራ ይዘራል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ‘ስንት?’ ከሚለው ይልቅ ‘መቼ?’ የሚለው ነው።

ከማና የመጣሁ

መድን ለምን አይሆንም? በየዓመቱ ለድጋፍ ከምንሰለፍ በመድን ብንገባ አይሻልም? በቦረና ለከብት መድን ተከፍሏል ሲባል ሰምቻለሁ።

የምጣኔ ሀብት መምህር

ትክክል ነው፤ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የከብት መድን አስጀምሯል። ከዚያ በፊትም በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሐ በተባለ ቦታ ለጤፍ ገበሬዎች የተሞከረ መድን ነበር፤ አቅም የሌላቸው ዓረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን መዋጮ፣ በጉልበታቸው ይከፍሉ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለቱም የተመሠረቱት በአንድ ሰፊ አካባቢ የዘነበውን ዝናብ ወይም በሳተላይት የሚታየውን የሣሩን ልምላሜ በመለካት ላይ ነው። ድርቅ ሰፊ ስለሆነ ይህ መለኪያ ይይዘዋል። በረዶ ግን፣ ርዕሱን የከፈተው ወንድማችን እንዳለው፣ እንደ መቀነት ቀጭን ነው፤ በዚያው አካባቢ የተለካው ዝናብ “ደኅና ዓመት” ሊል ይችላል፤ የአንተ ማሳ ግን ባዶ ነው። ለበረዶ የሚሆን መድን ማሳ በማሳ መገመትን ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ለትንሽ ይዞታ ወጪው ይከብዳል። ለጊዜው ሰው ራሱ ቆጥሮ የሚይዘው ዝርዝር ምትክ የለውም።

አባ ሽማግሌ፣ ጅማ

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ሁላችሁም እኩል መከፈሉን እንደ ድንቁርና አድርጋችሁ ስትናገሩ ሰማሁ፤ እኔ በዚያ ዓይነት ስብሰባ ላይ እጃቸውን ካነሡት ሰዎች አንዱ ነበርኩና ምክንያቴን ስሙኝ።

እኛ አደጋ የደረሰበትን መለየትን አናውቅም አይባልም። የኦሮሞ ቡሳ ጎኖፋ ዱሮም የነበረ ነው፤ ከብቱ ላለቀበት ሰው ዘመድ ወገን ከብት ያዋጣለት ነበር፤ በቅርብ ዓመታትም ክልሉ በዚያው ስም መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ሕዝቡ እንዲያዋጣ አድርጓል። ቤቱ ለተቃጠለበት ደቦ ወጥተን ቤት እንሠራለን፤ እህል የሌለውን ቤትም ዝም ብለን አናልፍም። ዘካም አለ፤ በዝናብ ከበቀለ እህል ከዐሥር አንድ ይወጣል፤ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ደግሞ ባለዕዳ ነው፤ ለማዳበሪያ ተበድሮ እህሉ በበረዶ የጠፋበት ሰው ከዚህ ውስጥ ይገባል። በእነዚህ ሁሉ ለማን እንደሚሰጥ ማንም አይጣላም፤ ማን እንደተጎዳ ስለምናውቅ ነው።

ታዲያ የመንግሥት ገንዘብ ሲመጣ ለምን እኩል እንላለን? ዝርዝሩን ስለማናምን ነው። በቀደመው ጊዜ ዝርዝር ተነበበልን፤ ማሳው ከወንዙ ማዶ የሆነ ሰው በትልቅ ጉዳት ተጽፎ ነበር፤ ማሳዋ ከእሱ ፊት ለፊት የተመታ አንዲት መበለት ግን የለችም። ያንን ዝርዝር ተቀብለን ብንከፍል ኖሮ ቀበሌው ለዐሥር ዓመት በተጣላ ነበር። እኩል ስንል ማንም የሚገባውን አላገኘም፤ ግን ማንም የሌላውን ወሰደ ብሎ ጎረቤቱን አልጠላም። እኛ የመረጥነው ሰላሙን ነው። የቡና ልጅ፣ አባትህ ጊደራቸውን መሸጣቸው አሳዝኖኛል፤ እውነት ነው፣ የእኛን ሰላም ዋጋ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። የሚታመን ዝርዝር አምጣልኝ፤ በጉዳቱ መጠን ይከፈል ብዬ የመጀመሪያውን እጅ የማነሣው እኔ ነኝ።

የቡና ልጅ፣ ጅማ

አባታችን፣ በጣም አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ዓመት ያህል በዚያ ስብሰባ እጃቸውን ባነሡት ሰዎች ላይ ቅሬታ ይዤ ኖሬአለሁ፤ የእኛን ጉዳት እንደ ቀላል ያዩት መስሎኝ ነበር። አሁን እንደገባኝ ጥፋቱ ከድምፁ በፊት፣ መዝጋቢው በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ማሳ ላይ በቆመበት ቀን የተፈጸመ ነው። በስብሰባው ላይ “እኩል አይከፈል” ብዬ ብነሣ ኖሮ ከእርስዎና ከመሰሎችዎ ጋር በከንቱ እጣላ ነበር።

የሰቃ ነዋሪ

ዝርዝሩ በማን እጅ ነው የሚለው የእኛ ቀበሌ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት እርዳታው ለታለመለት ሰው አይደርስም በሚል በአገሪቱ ሁሉ የምግብ እርዳታ አቋርጠው ነበር፤ እንደገና የጀመሩት የተረጂዎች አመዘጋገብ ከተለወጠ በኋላ ነው። በዚያ መሃል ለወራት የተራቡት በማጭበርበሩ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ናቸው። ዝርዝር ሲበላሽ የሚቀጣው ሁልጊዜ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው።

የእኔ ምክር ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ፣ በመስጊዱም፣ በቤተ ክርስቲያኑም፣ በገበያውም በር ላይ ይለጠፍ የሚል ነው። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ጮክ ተብሎ ይነበብለት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን የሚሰማው ያው የመዘገበው ሰው እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በመንግሥት ፖሊሲም መሠረት የአደጋ ምላሽ መጀመሪያ የወረዳው ኃላፊነት ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ስለዚህ ወረዳው ጉዳቱን በወቅቱ በትክክል ካላሳወቀ ከላይ ያለው አካል ስለ እናንተ በረዶ የሚሰማበት መንገድ የለውም። ተራራ ተንዶ ሰው ሲቀበር፣ በጎፋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ አገር ሁሉ ይሰማል፤ የአንድ መስመር በረዶ ግን ካልተጻፈ እንዳልነበረ ነው።

ጡረተኛ የልማት ሠራተኛ

አባ ሽማግሌ ያሉትን እኔም ከቅጹ ወዲያ ሆኜ አይቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ መዝጋቢው ክፉ አይደለም፤ አንድ ሰው ለሦስት ቀበሌ ተልኮ፣ ያለ ትራንስፖርት፣ “ነገ ሪፖርት አድርግ” ተብሎ ነው የሚሄደው። እሱም ከማሳ ይልቅ ሊቀመንበሩ ቤት ተቀምጦ ዝርዝሩን መሙላት ይቀለዋል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌአለሁ፤ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የቀረች አንዲት እናት በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ “ልጄ፣ በቤቴ በር አልፈህ ሄድህ እኮ” ነበር ያለችኝ።

ስለዚህ ሰዎቹን ከመጠበቅ እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ቁጠሩ። ከየመንደሩ ሦስት ሰው ምረጡ፤ አንዱ ያልተጎዳ ይሁን፣ አንዷ ሴት ትሁን። ዘንድሮ በረዶው ከወረደ ዐሥር ቀን ካለፈው በቆሎውን አሁኑኑ መገመት ይቻላል። የማሳውን ፎቶ ከነቀኑ በስልክ አንሡ። አራሹና ባለመሬቱ ለየብቻ ይጻፉ፤ እህታችን ያነሣችው ትክክል ነው። መዝጋቢው ሲመጣ የተዘጋጀ ዝርዝር ይሰጠው፤ እሱ የሚያደርገው ማረጋገጥ ብቻ ይሁን። ሥራው ስለሚቀልለት ደስ ብሎት የሚቀበላችሁ ይመስለኛል።

የቡና ልጅ፣ ጅማ

ትናንት ቅዳሜ ከአባቴና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መስመሩን ተከትለን በእግር ሄድን። ከወንዙ ወዲህ 34 ማሳ ተመትቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ 11ዱን የሚያርሱት የእኩል አራሾች ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ዝርዝር ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም። በሰያፍ እየሄድን በአምስት ቦታ ሃያ ሃያ ተክል ቆጠርን። ከወንዙ ማዶ የሚኖር አንድ አባት፣ ዓምና እኩል ይከፈል ብለው የተናገሩት፣ ስንቆጥር አይተው መጥተው አብረውን ቆሙ፤ የሁለት ማሳ ቁጥር ላይ “ይህ በዛ፣ እንደገና ቁጠሩ” አሉን፤ እንደገና ቆጠርን፤ እውነትም በዝቶ ነበር፤ ቁጥሩን አስተካከልነው። እሳቸውን ከሦስቱ ቆጣሪዎች አንዱ እንዲሆኑ ጠየቅናቸው፤ እሺ ብለዋል።

ቡናው ገና ነው። ጡረተኛው ወንድማችን፣ ጊዜ ካለዎት ማክሰኞ ከስብሰባው በፊት መጥተው የተላጠውን ቅርንጫፍ ቢያዩልን፤ ጉንደላ የሚገባውንና የተሰበረውን ቅርንጫፍ በመቁረጥ ብቻ የሚድነውን መለየት ለእኛ አስቸግሮናል።

ጡረተኛ የልማት ሠራተኛ

እመጣለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከድልድዩ አጠገብ ጠብቁኝ፤ መቀስና መጋዝ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። የሦስት ዓመቱን የቡና ለቀማ እያንዳንዱ ገበሬ እስከዚያ ያስታውስ፤ ለነጋዴ ወይም ለማኅበር ያስረከበበት ወረቀት ካለውም ያቅርብ።

የአጋሮ እህት

የእነዚያ 11 አራሾች ስም በስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። በሚስቶቻቸውም ስም ጭምር።

የቡና ልጅ፣ ጅማ

እየጻፍኩት ነው፤ የዘጠኙን ቤት ጨርሻለሁ። የሁለቱ ሚስቶች ዛሬ ገበያ ሄደዋል፤ ማታ ሄጄ ከራሳቸው ጠይቄ እጽፋለሁ።